ያላረፈው መጋዝ

ካሣ ሲገኝ ከመጋዙ አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ማጅራቱ ተሰብሯል። የተመታበት ድንጋይ ከጎኑ ወድቋል። ለቀለበት ፈርጥ ከአትባራ ወንዝ ዳር እየተለቀሙ ከሚመጡት የአቂቅ ድንጋዮች አንዱ ነው፤ ቡናማ፣ ሻካራ፣ መዳፍ የሚሞላ። መጋዙ በባዶው ይሽከረከር ነበር።

ይህ የሆነው ትናንት ከሰዓት በኋላ ሱዳን፣ ዶካ ከተማ ውስጥ፣ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የድንጋይ መቁረጫ ቤት ነው። ዛሬ ጠዋት አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ቤቱ ተቆልፏል፤ ቁልፉም በሳጅን ሙዘይን ኪስ ነው። ስንሻው የሚባል ድንጋይ ለቃሚ እጁ ታስሮ በግቢው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጧል።

ሳጅኑ ሐመልማልን አስጠራት። ሐመልማል ከአገሯ ሳትሰደድ በፊት መተማ ላይ የፖሊስ መርማሪ ነበረች። አሁን በሰው እርሻ ሰሊጥ ታርማለች። ያም ሆኖ ዶካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሲጣሉም ሲሰራረቁም የሚጠሩት እሷን ነው። ረጅም፣ ደረቅ ሴት ናት። ብዙ አትናገርም።

«ኻላ ሐመልማል» አለ ሳጅኑ፤ አክስቴ ማለቱ ነው። ድንበር ላይ ስላደገ አማርኛው ደህና ነው። «ቀትር ላይ መኪኖቹ በአጀብ ወደ ገዳሪፍ ይወጣሉ። ይህን ሰውዬ አብሬ እንድልክ ታዝዣለሁ። በዚህ በጦርነት ጊዜ ነፍስ አጥፍቷል ተብሎ የተላከ ሐበሻ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።»

«አይመለስም።»

«አይመለስም። እኔ ደግሞ ነገሩ አልተዋጠልኝም። እስከ ቀትር ያለው ጊዜ ያንቺ ነው።»

«ሌላ ሰው ካመጣሁልህስ?»

«ሌላው ይሄዳል።»

ሐመልማል ወደ ኒሙ ሄዳ ከስንሻው ፊት ቁጢጥ አለች። ወጣቱ ዓይኑ ቀልቷል። በጣቶቹ መካከል የደረቀ ደም ይታያል፤ ውኃ የሰጠው የለም።

«እትዬ፣ በመድኃኔ ዓለም አልገደልሁትም።»

«መሐላውን ተወውና ያየኸውን ንገረኝ።»

«ከወንዝ ድንጋዬን ተሸክሜ ስመጣ ሦስቱ እዚሁ ጥላ ሥር ነበሩ። ባለቤቱ ኢሀብ፣ ሻይ የምትሸጠው ውዴና ሁለተኛው ቆራጭ ዓባይነህ። መጋዙ ያጉረመርማል። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ቀለለ። ድንጋዩ ተቆርጦ ሲያልቅ እንዲያ ነው። ያኔ ገባሁ። ካሣ ወድቋል። ላነሣው ብዬ ራሱን ብይዘው እጄ ተጣበቀ።»

«በምን?»

«በደሙ ነዋ።»

«ደሙ ይፈስ ነበር ወይስ ረግቷል?»

ስንሻው አሰበ። «ረግቷል። እንደ ሙጫ ነበር።»

«ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ያመጣሁትን ሁሉ ሜዳ ላይ ዘረገፈብኝ። ‹ይህ አቂቅ አይደለም፣ ጠጠር ነው፤ ውሰድና ለዶሮህ ስጣት› አለኝ፤ ሰው ፊት። እኔም ተሳደብሁ።»

«ዶሮ አለህ?»

«ኧረ እትዬ! እኔ ራሴ የምበላው የለኝ።»

ሐመልማል ፈገግ አላለችም፤ ግን ከጎኗ ያለውን የውኃ ቆርቆሮ አንሥታ አጠጣችው።

ሳጅኑ በሩን ሲከፍትላት ስንሻው የተከሰሰበትን ነገር ባጭሩ ነገራት። ካሣ ድንጋዩን ወደ መጋዙ የሚገፋው በእጁ ነው። ስለዚህ መጋዙ እስካጉረመረመ ድረስ ካሣ በሕይወት ነበረ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሦስቱ ጥላ ሥር አብረው ተቀምጠዋል። ድምፁ ሲቀልል ደግሞ የገባው ስንሻው ብቻ ነው።

«ሲሰሙት ያለቀ ነገር ነው» አለች ሐመልማል።

«ሲሰሙት።»

ክፍሉ ጠባብና ጨለም ያለ ነው። ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ ግቢው፣ ሌላው በስተጀርባ ወደ ኢሀብ ክፍልና ወደ ውዴ ማድቤት ያወጣል። ጄኔሬተሩ ውጭ ነው። መጋዙ ከመሐል ቆሟል፤ ክብ ዲስኩ ከታች ዘይት በሞላበት ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ድንጋዩ ሞርሳ በሚባል የብረት መያዣ ይታሰራል፤ ሞርሳው በሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ዲስኩ ይሄዳል። ሻካራው ድንጋይ እንደ ዳቦ በስሱ ይቆረጣል። ከዚያ ጠራቢዎች የቀለበት ፈርጥ ያወጡበታል።

ሞርሳው ውስጥ አንድ ትልቅ አቂቅ እንደታሰረ ነው። የተቆረጠ ፊቱ አዲስ ነው፤ ቀይና ነጭ መስመሩ በዘይት ያብረቀርቃል። ከእሱ የተቆረጠው ቁራጭ ገንዳው ውስጥ መውደቅ ነበረበት። ሐመልማል እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ዘይቱ ውስጥ ከተተች። ምንም የለም።

ከግድግዳው ጥግ የማሽላ ዕብቅ የሞላበት ሣጥን አለ። ሳጅኑ ለምን እንደሆነ አያውቅም። እሷ ግን ኒሙ ሥር የተቀመጠውን ስንሻውን በበሩ ጮክ ብላ ጠየቀችው።

«ቁራጩ ከዘይት እንደወጣ እዚያ ይቀበራል!» አለ ስንሻው። «ዕብቁ ዘይቱን ይመጥለታል። ያለዚያ ድንጋዩ ይጠጣውና ይጠቁራል።»

ዕብቁን በሁለት እጇ ማሰች። ያወጣቻቸውን ቁራጮች አንድ በአንድ ጠርጋ መስኮቱ ላይ ደረደረች። አንደኛው ሞርሳው ላይ ካለው ድንጋይ ጋር መስመር በመስመር ገጠመ። ገና ዘይቱ አልደረቀም። ሐመልማል ይህንን ቁራጭና ሌላ አንድ ወደ ብርሃን አዘንብላ ብዙ አየቻቸው። ከዚያ ቀና አለች። ከመጋዙ ትይዩ ግድግዳው ላይ የገመድ መዘውር ተሰክቷል። ዙሪያው አቧራ ለብሷል፤ ገመድ የሚሄድበት ቦይ ግን ተፈትጎ ይበራል። ከሥሩ ድንጋይ የሞላ ጆንያ አፉ ታስሮ ተቀምጧል።

«ይህን ጆንያ ያመጣው ስንሻው ነው?»

«የስንሻው ጆንያ ግቢው ውስጥ ነው፤ እንደጣለው አለ» አለ ሳጅኑ።

ኢሀብን ያገኘችው ግቢው ውስጥ በቆመ ሎሪው ላይ ዕቃ ሲያስጭን ነው። ወፍራም፣ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ነው። ድምፁ ደክሟል።

«ወላሂ እኔ ካሣን እንደ ወንድሜ ነው የማየው» አለ። «እዚህ ገዢ የለም፣ ዘይት የለም፣ ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። መጋዙን ነቅዬ ወደ ፖርት ሱዳን እየሄድሁ ነው። በጋቢናው ለአንድ ቆራጭ ቦታ አለኝ። ካሣን መረጥሁ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ዓባይነህ ነዋ። ሌላ ማን አለኝ?»

«ትናንት መጋዙ ሲነሣ የት ነበርህ?»

«ክፍሌ ውስጥ ልብሴን አስር ነበር። ድምፁን ስሰማ ወጣሁ። ውዴም ወዲያው መጣች፣ ዓባይነህም። ማን እንደቀደመ አላስታውስም።»

«ግድግዳው ላይ ያለው መዘውር ምን ይሠራል?»

«ኸላስ፣ እሱ የቀረ ነው። ከገመዱ ጫፍ ክብደት ካንጠለጠልሽ ሞርሳውን ራሱ ይጎትተዋል። ሰው አያሻውም። ግን ስንጥቅ ላይ ሲደርስ ማቆም አያውቅም፤ ዲስክ ሰበረብን። ካሣ ተናዶ ገመዱን ፈታው። ‹ድንጋይ በእጅ ነው› አለ። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።»

ውዴ ከማድቤቷ ደጃፍ ተቀምጣለች። እሳቷ ጠፍቷል። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች።

«ካሣ ሊያገባሽ ነበር አሉ» አለች ሐመልማል።

«እሱ ነበር እንዲያ የሚል። ሎሪው ሲመጣ ግን ‹ቦታው ለአንድ ሰው ነው› አለኝ። እኔን ለማን ሊተወኝ ነው?» አፍንጫዋን ጠረገች። «ገደለችው ካሉ ይበሉ። ልገድለው አስቤ አላውቅም አልልም።»

«ሻይ ወስደሽለት ነበር?»

«አልወሰድሁም።»

«ተቀይመሽ?»

«ተቀይሜም እወስዳለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሞኝ ነኝ። የምወስድለት ሲያርፍ ነው። እሱ እኮ ዝም ብሎ አይቆርጥም፤ ገፋ ያደርጋል፣ ያቆማል፣ ያዳምጣል፣ ደግሞ ይገፋል። እዚህ ሆኜ እሰማዋለሁ። ትናንት መጋዙ አላረፈም። ‹ከእኔ ለመሸሽ እንዲህ ይጣደፋል?› ብዬ ተናደድሁ።»

«ስንሻውን ግባ ያለው ማን ነው?»

«ዓባይነህ። ‹ሂድ፣ ድንጋይህን አሳየውና ታረቁ› አለው።»

«ከዚያስ?»

«ስንሻው ሲጮህ ሁላችንም ገባን። ኢሀብ ሳጅኑን ሊጠራ ሮጠ። እኔ እሪ አልሁ፤ ጎረቤት ደረሰ፤ ስንሻውን ይዘን ወደ ግቢ አወጣነው። ዓባይነህ ‹ማሽኑን ላጥፋ› ብሎ ቀረ።»

ዓባይነህ ከሎሪው ጥላ ሥር ነው። ልጁ ሙሉወርቅ ጭኑ ላይ ተጋድማለች። ትንሽ ናት፤ ከንፈሯ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። ስትተነፍስ ትከሻዋ አብሮ ይነሣል።

«አንቺ ፖሊስ ነሽ?» አለች ልጅቷ።

«ነበርሁ።»

«ዱላሽስ?»

«ጠፋብኝ።»

«ፈልጊያ! ፖሊስ አይደለሽ?»

አባቷ ፀጉሯን ዳበሰ። «ልቧ ነው፣ እትዬ። ድሮ ስትሮጥ ነበር የሚደክማት፤ አሁን ቁጭ ብላም ይደክማታል። ያያት የነበረው ሐኪም ከሌሎቹ ጋር ወደ ፖርት ሱዳን ሄዷል። እዚያ ካልደረሰች ክረምቱን አትዘልቅም ብሎኛል።»

«ካሣ ቦታውን እንዲለቅልህ ለምነኸው ነበር?»

«ለምኜዋለሁ። ለምን እደብቃለሁ? እግሩን ይዤ ነው የለመንሁት። ‹እኔም ሰው ነኝ፤ እኔም መትረፍ እፈልጋለሁ› አለኝ። አልፈርድበትም።»

«ትናንት ማሽኑን ካጠፋህ በኋላ ምን አደረግህ?»

«ወጣሁ። ሌላ ምንም አልነካሁም።»

«የተቆረጠውን ድንጋይስ?»

«ሰው ሞቶ ድንጋይ ማን ያያል?»

ሐመልማል ተነሣች። ልጅቷ እጇን አውለበለበችላት። ሐመልማል ከግቢው ወጥታ በአጥሩ ጥግ ብቻዋን ቆመች። ፀሐይዋ ወደ አናት እየመጣች ነው። መንገዱ ላይ መኪኖች መሰለፍ ጀምረዋል። ስንሻውን የሚያወጣው ቃል ያችን ልጅ ከሎሪው የሚያወርድ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ያልገደለ ሰው ይሄዳል። ሌላ መንገድ ፈለገች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆየች። ከዚያ ተመለሰች።

«ሁሉንም ወደ ውስጥ አስገባልኝ» አለችው ሳጅኑን። «ልጅቷ ጎረቤት ትቆይ።»

ሁሉም መጋዙን ከብበው ቆሙ። ስንሻው እንደታሰረ ነው። ሐመልማል ሁለቱን ቁራጮች አንሥታ ፊቱ ያዘችለት።

«ይህን የቆረጠው ማን ነው?»

«ካሣ» አለ ስንሻው ወዲያው። «ይታያል እኮ። እዚህ ጋ አቁሟል፣ እዚህ ጋ ደግሞ። ባቆመ ቁጥር ዲስኩ ጭረት ይተዋል። የእሱ ድንጋይ ሁሉ እንዲህ ነው።»

«ይህንንስ?»

ሐመልማል ስታገላብጥለት ስንሻው ሁለተኛውን አየ። ግንባሩ ተቋጠረ። «ይህ... ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። እጅ እንዲህ አይሄድም።»

«ይህ ትናንት የተቆረጠው ነው» አለች ሐመልማል። ቁራጩን ሞርሳው ላይ ካለው ድንጋይ ጋር አጋጠመችው። ሁሉም መስመሩ ሲገናኝ አዩ። «ውዴ፣ ለእኔ የነገርሽኝን ድገሚው። ትናንት መጋዙ እንዴት ነበር?»

«አላረፈም» አለች ውዴ። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አላረፈም፤ ምክንያቱም የሚገፋው ሰው አልነበረም። ካሣ መጋዙ ሲነሣ ሞቶ ነበር። ደሙም ስንሻው ሲነካው ረግቶ ነበር። ትኩስ ደም እንደ ሙጫ አይጣበቅም። አንድ ሰው ካሣን ከኋላው መታው። ትልቅ ድንጋይ መርጦ ሞርሳ ላይ አሰረ። የቀረውን ገመድ መልሶ በመዘውሩ ላይ አሳለፈና ያንን ጆንያ አንጠለጠለ። መጋዙን አስነሣ። በኋላው በር ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ጥላ ሥር መጥቶ ተቀመጠ። ሁላችሁም ድምፁን እየሰማችሁ ካሣ እየሠራ መሰላችሁ።»

ኢሀብ መዘውሩን ቀና ብሎ አየ። «ያ ረብ» አለ በቀስታ።

«እንዲያ ከሆነ ሦስታችሁም ትችሉ ነበር» ስትል ቀጠለች። «ሁለት በር አለ፤ ማን መቼ እንደመጣ የሚያስታውስ የለም። በዚህ ጨለማ፣ በዚያ ድንጋጤ ገመዱን ያስተዋለ አልነበረም፤ ግን መፈታት ነበረበት። ሳጅኑ ሲደርስ ገመድ አልነበረም። ኢሀብ ወደ ፖሊስ ሮጧል። ውዴ ከሰዉ ጋር ስንሻውን ይዛ ወጥታለች። ሳጅኑ መጥቶ እስኪቆልፍ ድረስ እዚህ የቀረው አንድ ሰው ነው።»

«ማሽኑን ነው ያጠፋሁት» አለ ዓባይነህ። «ሰው ሁሉ ሰምቶኛል።»

«ሰምቶሃል። ሌላ ምንም አልነካሁም ብለኸኛል። ቁራጩ ግን ገንዳው ውስጥ አልነበረም። ድምፁ ሲቀልል ወድቋል። ስንሻው እንደገባ ጮኋል፤ እጁ ደም እንጂ ዘይትም ዕብቅም አልነበረበትም። ቁራጩን ከዘይቱ ያወጣው ገዳዩ ነው። የካሣ ጭረት እንደሌለበት ማንም እንዳያይ ዕብቅ ውስጥ ደበቀው።»

«አልደበቅሁትም» አለ ዓባይነህ።

«ታዲያ?» አለች ሐመልማል።

ዓባይነህ ወደ ቁራጩ ተመለከተ። «ዘይት ውስጥ ካደረ ይጠቁራል» አለ።

የተናገረው የገባው ከአፉ ካወጣው በኋላ ነበር። ሐዲዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው።

«ጭረቱን አላሰብሁትም። ልደብቅ ብል ኖሮ መንገድ ላይ አውጥቼ እሰብረው ነበር። ገመዱን ፈታሁ፣ ማሽኑን አጠፋሁ፣ እጄ ራሱ ገንዳው ውስጥ ገብቶ አወጣው። ካሣ እዚያ ተኝቷል፤ እኔ ድንጋይ ጠርጌ እቀብራለሁ።»

«ስንሻውን ለምን ላክኸው?» አለ ሳጅኑ።

«መጀመሪያ የገባ ሰው እንደሚያዝ አውቄ ነዋ።» ወደ ስንሻው ሊያይ ሞከረና ተወው። «እሱ ቢመጣ እሱ፤ ሌላ ቢመጣ ሌላ። ለእኔ ልዩነት አልነበረውም። ካሣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር የሚስቀው። ‹አንተም ሌላ ሎሪ ታገኛለህ› አለኝ። ሌላ ሎሪ! ድንጋዩ እጄ ውስጥ ነበር።»

ውዴ ወደ እሱ ሄደች። የምትመታው መስሎ ሳጅኑ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ፊቱ ቆማ አየችውና ወጣች። ውጭ ስትደርስ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ሙዘይን የስንሻውን እጅ ፈታ። ያንኑ ገመድ ዓባይነህ እጅ ላይ አሰረው። መንገዱ ላይ የመኪኖቹ ጡሩምባ ይሰማ ጀመር።

«እትዬ ሐመልማል» አለ ዓባይነህ። «ልጄን አይተዋታል። ከእኔ ሌላ የሚወስዳት እንደሌለ እያወቁ ነው የተናገሩት?»

«እያወቅሁ ነው።»

ዓባይነህ ራሱን ነቀነቀ። ሐመልማልም ይቅርታ አልጠየቀችም።

ግቢው ውስጥ ኢሀብ ሎሪው አጠገብ ቆሟል። መጋዙ አልተነቀለም፤ ጊዜም የለም። ላቡን በእጅጌው ጠርጎ ስንሻውን ጠራው።

«አንተ! ትመጣለህ?»

«እኔ መልቀም ነው የማውቀው። ቆርጬ አላውቅም።»

«ትማራለህ፤ መጋዝ እዚያም አይጠፋም። ቁራጮቹን አይተህ እጅ ከገመድ መለየት ችለሃል። ናልኝ፣ አንተ ሰው፣ አጀቡ ካለፈ መንገዱ ይዘጋል። እዚህ ብትቀር ወታደሩም ሰዉም ስምህን ይዞታል።»

ስንሻው ወደ ጋቢናው አየ። ሐመልማልን አየ። እሷ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። ከሞት አሁን የወጣን ሰው ሌላ ነገር መለመን አልቻለችም።

ስንሻው ወደ በርሜሉ ሄዶ እጁን አጠበ። ደሙ በጥፍሮቹ ሥር ስለደረቀ በአሸዋ ፈተገው። ከዚያ ወደ ጎረቤት ገባና ሙሉወርቅን ታቅፎ ወጣ። ልጅቷ አንገቱን ይዛዋለች።

«ስንሻው» አለ ኢሀብ፣ «ቦታው ለአንድ ሰው ነው።»

«ጭኔ ላይ ትቀመጣለች።»

«መንገድ ላይ ብትሞትብህስ?»

«እዚህ ብትቀርስ?»

ኢሀብ ወደ ጋቢናው ወጥቶ መቀመጫው ላይ የነበረውን ሻንጣ አንሥቶ ወደ ኋላ ወረወረ።

ሳጅኑ ዓባይነህን ይዞ ወደ ፖሊስ መኪናው እየሄደ ነበር። ስንሻው ልጅቷን እንደታቀፈ ተከተላቸውና ከፊታቸው ቆመ። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ዓባይነህ እጁ ታስሯል፤ ልጁን ሊነካት አልቻለም። ግንባሩን ወደ ፀጉሯ አስጠግቶ ቆየ።

«አባዬ፣ አንተስ?» አለች።

«እኔ በሌላው መኪና ነው፣ የኔ እናት።»

ስንሻው ልጅቷን አስተካክሎ ታቀፋት። ለዚህ ሰው ቃል መናገር ከብዶታል።

«መድኃኒቷ እንዴት ነው የሚሰጣት?» አለ።

«ጠዋትና ማታ» አለ ዓባይነህ። «ምግብ ከቀመሰች በኋላ። መራራ ነው፤ ትተፋዋለች። አፍንጫዋን አትያዝባት፤ ትፈራለች። ትንሽ ጠብቃት፣ ራሷ ትውጠዋለች።»